ስልኩ ሲጮህ ኢንተርኔቱ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ የድሮ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። በስልክ መስመር የሚሠራ ኢንተርኔት አስገብቻለሁ። የቤት ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ድርግም ይላል፤ ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ጓዳ ስገባ ደግሞ ዋይፋዩ ጭራሽ አይይዝም። ልጆቹ «ራውተሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ» ይሉኛል። ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ እትዬ፣ ገንዘብዎን አያውጡ። መስመር ስጠግን ነው የኖርኩት፤ እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የጎደለችው ስፕሊተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት።

ቤትዎ የሚገባው ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነው። ድምፁም ኢንተርኔቱም በእሱው ይመጣሉ፤ ግን አይነካኩም። ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ አራት ሺህ ንዝረት) በታች ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ከ25 ኪሎኸርዝ ገደማ ይጀምርና አንድ ሜጋኸርዝ (በሰከንድ ሚሊዮን ንዝረት) ይሻገራል። ስፕሊተሯ ወንፊት ናት፤ ዱቄቱን ወደ ስልኩ፣ ፉርሽካውን ወደ ሞደሙ፣ ማለትም ራውተሩ ውስጥ ያለው የስልክ መስመሩን ኢንተርኔት የሚቀበለው ክፍል። (ኢንተርኔቱን ፉርሽካ ስላልኩ ልጆቹ ይቅር ይበሉኝ።)

ስልክ ሲጠራ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ይመጣል። ወንፊቷ ከሌለች ሞደሙ ይደነብራል። ከዚያ ስልክ ጣቢያው ካለው ማሽን ጋር እንደ አዲስ ሰላም መባባል አለበት። ሰላምታቸው እንደኛው ረጅም ነው፤ ደቂቃዋ የምታልቀው እዚያ ላይ ነው።

ስፕሊተሯ ሦስት ቀዳዳ አላት። ከግድግዳ የመጣው «ላይን» የሚለው ላይ ይሰካል፤ ሌሎቹ ለስልኩና ለሞደሙ ናቸው። መኝታ ቤት ሌላ ስልክ ካለ እሱም በስፕሊተሯ በኩል ማለፍ አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። መጀመሪያ ግን ስልኮቹን ሁሉ ነቅለው ሞደሙን ብቻ ይሞክሩ። ዲኤስኤል (DSL፣ በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት) የሚለው መብራት ሳይብለጨለጭ ቀጥ ብሎ ከበራ ራውተሩ ጤነኛ ነው።

የጓዳው ነገር ሌላ ነው። ራውተሩ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያም ነው፤ አንድ ክንድ የሚወፍር የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ሞገዱን ይውጠዋል። እናቴ ቤት ራውተሩን ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ዳንቴል አልብሰው አስቀምጠውት አገኘሁ። ዳንቴሉስ ሞገድ አይከለክልም፤ ሙቀት ነው የሚያፍን። መስታወቱ ግን ጀርባው የብረት ቅብ ስላለው ሞገዱን ይመልሰዋል። አውጥቼ በሩ ትይዩ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ጓዳ ድረስ ያዘ። የእርስዎ ራውተር ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያሳይ ከሆነ 2.4 የሚለውን ይምረጡ፤ ከ5ቱ ይልቅ ግድግዳ ይበሳል።

ስልኩን ሲያነሱ ኩርርር የሚል ድምፅ ካለ ውጪ ያለው መገጣጠሚያ እርጥበት በልቶት ይሆናል፤ ያኔ ሠራተኛ ይጥሩ። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ የመብራቱን ሶኬት ብቻ ነቅለው አይተኙ። መብረቅ በስልክ ሽቦም ይገባል።