ድንኳኑ አያፈስም፣ አልተወጠረም እንጂ

«ጋሼ፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ላንጋኖ አደርን። ዝናብ ጠብ አላለም። ጠዋት ግን የልጆቹ ብርድ ልብስ ርሶ ተነሳን። በማግስቱ ከሰዓት ነፋስ ተነሳና ካስማዎቹን ከአሸዋው ነቃቀላቸው። ድንኳኑ ሁለት ሽፋን ያለው፣ ለስድስት ሰው የሚባለው ነው። ለገና ደግሞ ሰሜን ተራሮች ልንሄድ አስበናል። ሌላ ልግዛ ወይስ ይሄንኑ ላስጠግን?»

አትግዛ ወንድሜ። ማስጠገንም አያስፈልግህም።

ዝናብ ሳይዘንብ ድንኳን ከረጠበ ውሃው የመጣው ከእናንተው ትንፋሽ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በላቡ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ያወጣል። አራት ሆናችሁ ዚፑን ጥርቅም አድርጋችሁ ስትተኙ ያ ሁሉ እንፋሎት መውጫ ያጣል። የውጩ ሸራ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ እንፋሎቱ እሱ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል፣ ድስት ክዳን ላይ እንደምታየው ማለት ነው።

ሁለት ሽፋን የተሠራውም ለዚህ ነው። ውሃው በውጩ ሸራ ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል፣ የውስጡ ደረቅ ይሆናል። ግን ይሄ የሚሠራው ሁለቱ ካልተነካኩ ብቻ ነው። የውጩ ረግቦ የውስጡ ላይ ከተኛ ውሃው አልፎ ልጆቹ ላይ ይንጠባጠባል። በመሃላቸው ዙሪያውን እጅህ የሚገባበት ክፍተት ይኑር። እንዲኖር ደግሞ በጎንና በጎን ያሉትን ገመዶች በሙሉ ማሰር አለብህ። ብዙ ሰው አራቱን ማዕዘን ተክሎ «በቃ ቆመ» ይልና ገመዶቹን ከነጥቅላቸው ከረጢት ውስጥ ይተዋቸዋል፣ ድንኳኑን የሚወጥሩት ግን እነሱ ናቸው።

ማታ ከመተኛትህ በፊት አንዴ ዞረህ ሁሉንም መልሰህ ወጥር። ናይለን ጨርቅ ጤዛ ሲነካው ይለጠጣል፣ በቀን የወጠርከው ማታ ይረግባል።

አናቱ ላይ ያለውን መተንፈሻ ብርድ ቢሆንም አትዝጋው። የበሩንም ዚፕ ከላይ አንድ ስንዝር ክፈት። ልጆቹ ከበረዳቸው ልብስ ጨምርላቸው እንጂ አየሩን አትዝጋባቸው። ከሰል ግን በምንም ምክንያት ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ የከሰመ የመሰለም ቢሆን! ጭሱ ባይታይም ጋዙ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል። ይሄን ሁሌም እደግመዋለሁ፣ ወደፊትም እደግመዋለሁ።

ከስር የምታነጥፈውን ላስቲክም እይ። ከድንኳኑ ወለል ተርፎ ወደ ውጭ ከወጣ ከሸራው የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ከስራችሁ ያስገባዋል። ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፈው።

ወደ ካስማው እንምጣ። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ሽቦ መሰል ካስማ ለጠንካራ ሣር መሬት እንጂ ለላንጋኖ አሸዋ አይሆንም። አሸዋ ላይ የሚይዝልህ የተቀበረ ነገር ነው። ትንሽ ከረጢት አሸዋ ሙላና ወገቡን በገመዱ እሰረው፣ ክንድ በሚያህል ጉድጓድ ቅበረውና ከላይ ረግጠህ አጥብቀው። ይሄን ነፋስ አይነቅለውም። ደህና አፈር ላይ ስትሆን ካስማውን ቀጥ አድርገህ አትምታው፤ አናቱ ከድንኳኑ እንዲርቅ አጋድመህ ምታው፣ ገመዱም መሬቱ ጋ ዝቅ ብሎ ይታሰር።

ነፋስ እያለ ስትተክል ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች ቸንክር፣ ከዚያ ነው ዘንጉን የምታነሳው። በሩ በነፋሱ ተቃራኒ ይሁን። ማዕዘን ስትወጥር ዚፖቹ ሁሉ የተዘጉ ይሁኑ፣ ክፍት ሆነው ከወጠርካቸው በኋላ አልዘጋ ይሉሃል። ዘንጉን ደግሞ ግፋው እንጂ አትጎትተው፤ ስትጎትት መጋጠሚያው ይላቀቅና ጨርቁ ውስጥ ይቀርብሃል።

ሰሜን ተራሮች ሌላ ዓለም ነው። ድንኳን የሚተከልባቸው ሰፈሮች፣ ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ናቸው፣ በገና ሰሞን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። እዚያ ትንፋሻችሁ ውሃ ሆኖ አይቀርም፣ ሸራው ላይ አመዳይ ይሆናል። ፀሐይ ሳያገኘው የውጩን ሸራ ነቅለህ አራግፈው፣ ያለበለዚያ ቀልጦ ይዘንብባችኋል። ቅዝቃዜው የበለጠ የሚገባው ከመሬት ስለሆነ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ይልቅ ከስር ወፍራም ፍራሽ አንጥፉ። ካስማ ድንጋይ ነክቶ አልገባ ካለህ አትታገለው፣ ስንዝር አለፍ ብለህ ሞክር። እሱም እምቢ ካለ ገመዱን ትልቅ ድንጋይ ላይ እሰርና ሌላ ድንጋይ ጫንበት። ልጆች ስላሉ መጀመሪያ ሳንቃበር ብታድሩ ይሻላል፣ ከፍታውን ቀስ ብለው ይልመዱት።

ከመሄድህ በፊት ግቢ ውስጥ አንዴ ትከለውና በጎማ ውሃ አርከፍክፍበት። በስፌቱ በኩል ጠብ ካለ ያኔ የስፌት ማሸጊያ ቀባው፣ ካላለ ደግሞ ድንኳንህ ደህና ነው። ስትመለስ ርጥቡን ጠቅልለህ እንዳታስቀምጠው፣ ይሻግታል፣ ውሃ የሚከለክለውም ቅብ ይላጣል። ጥላ ላይ ዘርግተህ በደንብ ሲደርቅ እጠፈው።