አገር ቤት ስትገቡ አንድ ሙሉ ቀን ሥሩ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ወረዳዎች ብዙ ዓመት የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከመንዝ፣ ከጣርማበር፣ ከባሶና ወራና ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ለምትማሩና ለምትሠሩ ልጆች ነው።

ለበዓል ስትገቡ ቤተሰቡ እንደ እንግዳ ያስቀምጣችኋል። ዶሮ ይታረዳል፣ ቡና ይፈላል፣ እናንተም ስልካችሁን ትነካካላችሁ። እንኳን ደህና ገባችሁ። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጎህ እስከ ማታ፣ አንድ ሙሉ ቀን ከእነሱ ጋር ሥሩ። ኅዳር ላይ ፈቃድ ካገኛችሁ ይመረጣል፤ አጨዳው የሚበረታበት ጊዜ ነው።

ከእናታችሁ ጀምሩ። ወንዶችም፣ እናንተንም ነው የምለው። ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የኅዳር ንጋት ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። እሷ ግን እሳት ጭራ፣ ላም አልባ፣ በረት ጠርጋ እበቱን ከጭድ ጋር ታሸዋለች። በመዳፏ ጠፍጥፋ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ትደረድረዋለች። እጃችሁን አብራችሁ አግቡ። በዚያ ከፍታ ማገዶ እንደልብ አይገኝም፤ ባሕር ዛፉም ቢሆን ለሽያጭና ለቤት መሥሪያ ይፈለጋል። ስለዚህ ኩበቱ ይነዳል። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ ማሳው ይራባል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምራችሁታል። እናታችሁም ፍግ ያረፈበት ማሳ ምን እንደሚያበቅል ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን እንጀራው በምን ይጋገር? ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄውን እሷ በቆመችበት ቦታ ቆማችሁ እዩት።

ገብስ አጨዳ በጠዋት የሚጀመረው ለቅዝቃዜው ብቻ አይደለም። በደንብ የደረቀ ገብስ በቀትር ፀሐይ ሲነካ ዛላው ይሰበራል፣ ፍሬው መሬት ይቀራል። ጠዋት እርጥበት ስላለው ይታዘዛል። አባታችሁ «ቶሎ በሉ» የሚለው ለዚህ ነው። ጎረቤት በወንፈል ከመጣ ደግሞ ነገ የእነሱ ማሳ ላይ ትውላላችሁ ማለት ነው።

በጎቹን እንዳትረሱ፤ እዚህ ላይ ሙያዬም ስለሆነ ልቆይ። ታናሽ ወንድማችሁ በጎቹን ማልዶ አያወጣም። «ጤዛው ይርገፍ» ይላል። ስንፍና አይምሰላችሁ። የሆድ ትል እጮች እርጥብ ሣር ላይ ይወጣሉ፤ ሣሩ ሲደርቅ አደጋው ይቀንሳል። ረግረጉ አጠገብ ለምለም ሣር እያለ መንጋውን ወደ ተረተሩ የሚነዳውም በምክንያት ነው። የጉበት ትል ረግረግ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ነው የሚዛመተው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ነው ያነበብኩት። ልጁ የተማረው ከአያቱ ነው። የመንዝ በግ በቁመቱ አነስ ያለ ቢሆንም ብርዱንና የመኖ እጥረቱን ይችላል፤ ጸጉሩም ተፈትሎ ባና እና ዝተት የሚባሉ የብርድ ልብሶች ይሠሩበታል። ያን በግ እዚህ ያደረሰው የእረኛ ዕውቀት ነው።

ማታ ሲገቡ በረት በር ላይ ቁሙ። ግልገሎቹ ከውስጥ፣ እናቶቹ ከውጭ ይጮኻሉ። ልጁ ግልገሉን ከነእናቱ አንድ በአንድ ያገናኛል። አላጠባም ብላ የምትራገጥ በግ ካለች በጉልበቱ ከግድግዳ አስደግፎ ይይዛታል፣ ግልገሉን በአንድ እጁ ወደ ጡቷ ይገፋል፣ ጅራቱ መርገብገብ እስኪጀምር አይለቃትም። ያኔ ወተት እየወረደለት ነው። እኔ ሐኪሙ ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም።

በመሐል ውኃ መቅዳት አለ፣ ወፍጮ ቤት መሄድ አለ፣ ቡና አለ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ከራት በኋላ እናታችሁን ጠይቋት፦ «እማዬ፣ ከዛሬው ሥራ የትኛው ነው የሚከብድሽ?» መጀመሪያ «ምንም አይለኝ» ትላለች። አብራችሁ ስለዋላችሁ ግን ታውቃላችሁ። ጭሱ ከሆነ፣ እንጀራ መጋገሪያ የተሻሻለ ምድጃ አስገቡላት። ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ከሆነ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ አሽንዳ አሠሩና ከሥሩ ትልቅ በርሜል አስቀምጡ። ክረምቱን በሙሉ ምንጭ መመላለስ ይቀንስላታል። ወጪውን እህትና ወንድም ተዋጡበት። ለእሷ ነጠላ ለመግዛት ያሰባችሁት ገንዘብ ካለ እሱም ይግባ፤ አትከፋም። ቆርቆሮ ሠሪውን አሁኑኑ አነጋግሩት። የካቲት ላይ የበልግ ዝናብ ስለሚጀምር ሥራው ከዚያ በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው።