ሉሲ ስንት ዓመቷ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ «ሳይንቲስቶች የሉሲ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ ወስነዋል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖራ ነው የሞተችው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ዓረፍተ ነገሬ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ልጁ አልተሳሳተም፤ የጻፍሽውን ነው ያነበበው። የሰው «ዕድሜ» ከልደት ይጀምርና ሞት ላይ ይቆማል። ለቅሶ ቤት «ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» ስንል ከሞቱ ወዲህ ያለውን ማን ይቆጥራል? ጅሬን ወጥተሽ «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዕድሜ ከመቶ ዓመት በላይ ነው» ብትዪ ግን የሚስቅብሽ የለም። ቤት አይሞትማ፤ እስከቆመ ድረስ ይቆጠርለታል። ቅሪተ አካል ነው መሃል ቤት የቀረው። ኖሯል፣ ሞቷል፣ ዛሬም አለ።

አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ቅሪቷ የተገኘውን ሕፃን፣ ሰላም የተባለችውን ውሰጂ። ስትሞት 3 ዓመት ገደማ ነበረች፤ ጥርሷ ነው የሚናገረው። ከሞተች ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። «ዕድሜ»ን ለፊተኛው ተዪለት። ለኋለኛው «ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች» ማለት ይበቃል። ስም ካስፈለገሽም «ዘመን» አለልሽ።

«ወስነዋል» ግን ይብሳል። የሚወስን ዳኛ ነው፣ ሽማግሌ ነው። «ገምተዋል» ደግሞ ነገሩን በግ ተራ ያደርገዋል። ሥራው ልኬትና ስሌት ነው። የአጥንትን ዘመን በቀጥታ የሚለኩበት ካርቦን 14 ከ50 ሺህ ዓመት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ሉሲ በተገኘችበት ሐዳር የተለካው የሉሲ አጥንት ሳይሆን አካባቢዋ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የእሳተ ገሞራው ቅልጥ ድንጋይ ሲግል አርጎን የሚባለው ጋዝ ይወጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን በውስጡ ያለው ፖታሲየም ቀስ እያለ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ ጋዙም እዚያው ታስሮ ይቀራል። የተጠራቀመውን ለክተው ጊዜውን ያሰላሉ።

ደግሞ ውሳኔ ቢሆን ኖሮ በዋዛ አይነቃነቅም ነበር። የእናንተው ጊቤ ኦሞ ተብሎ በሚወርድበት ቆላ በ1967 እ.ኤ.አ. የተገኙት የሰው ቅሪቶች ለዓመታት የ195 ሺህ ዓመት ሲባሉ ኖረው፣ አመዱ እንደገና ሲመረመር በ2022 «ቢያንስ 233 ሺህ» ተባለ።

እንዲህ አስተካክይው፦ «አካባቢዋ ያለው የአመድ ንጣፍ ተለክቶ፣ ሉሲ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደኖረች ታውቋል።» ያ ልጅ «ታዲያ ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር?» ማለቱ አይቀርም። የመጨረሻ መንጋጋዎቿ በቅለው ነበር፤ ለአካለ መጠን የደረሰች ወጣት ናት በዪው።