የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከድንጋይ ክምር ሥር የወጣው ጊንጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አዘጋጆች። ለአጥር የተከመረ ጥቁር ድንጋይ ስናነሣ ጊንጥ አገኘንና ጠርሙስ ውስጥ አስገባነው። የ14 ዓመት ልጄ «አይገደልም፣ አሳድገዋለሁ» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ምን ዓይነት እንደሆነ በምን እንለየው? ማኖርስ ይቻላል?
አንባቢያችሁ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ልጅዎ እንዳይገደል መከራከሩ ደስ አሰኝቶናል። ጠርሙሱን ግን አሁኑኑ ከፀሐይ ያርቁት። የተዘጋ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ውስጡ ፈጥኖ ይግላል፤ ጊንጡም ይሞታል።

ቀለሙን አይመኑ። መቆንጠጫውንና ጅራቱን አስተያዩ። መቆንጠጫው ወፍራምና ክብ፣ ጅራቱ ቀጭን ከሆነ ያደነውን በጉልበት የሚይዝ ዓይነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ መርዙ ያን ያህል አይበረታም። መቆንጠጫው እንደ ወረንጦ የቀጠነ፣ ጅራቱ የወፈረ ከሆነ ግን የሚተማመነው በመርዙ ነው። አደገኞቹ ሌዩሩስና ፓራቡተስ የሚባሉት ወገኖች፣ ሁለቱም በአገራችን የሚገኙ፣ ከዚህኛው ጎራ ናቸው። ጠርሙስ ውስጥ መሆኑ ደግሞ ሌላ ምልክት ለማየት ይመቻል። ከሥሩ ሆናችሁ በእግሮቹ መካከል፣ ማበጠሪያ ከሚመስሉት ሁለት አካላት ፊት ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ እዩ። ሦስት ማዕዘን ከሆነች የአደገኞቹ ቤተሰብ ነው (የዚህ ቤተሰብ አባል ሁሉ ግን አደገኛ አይደለም)፤ አምስት ማዕዘን ከሆነች ከሌላው ነው። ትክክለኛ ስሙን ለማወቅ በመቆንጠጫው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ፀጉሮች በማጉያ መቁጠር ስለሚያስፈልግ፣ ከፎቶግራፍ ብቻ ስም የሚሰጣችሁን አትቀበሉ።

መቆንጠጫው ቀጭን ከሆነ ቤት ውስጥ አይኑር። ምሽት ላይ ከሰው መኖሪያ ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ ባለበት ቦታ ይለቀቅ። ወፍራም ከሆነ ማኖር ይቻላል፤ መክደኛውን ግን ትልቅ ሰው ብቻ ይክፈተው።

40 በ25 ሴንቲሜትር የሚሆን፣ ግድግዳው ለስላሳ የሆነ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃል። ጊንጥ ለስላሳ ግድግዳ መውጣት አይችልም፤ በማዕዘን ላይ ሙጫ ወይም ጭረት ካገኘ ግን ይወጣል። ክዳኑን በጋለ ሚስማር ብሱት። መሸሸጊያ የሚሆነውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የእንስራ ገል አፈር ከመሙላታችሁ በፊት ከሣጥኑ ወለል ላይ አቁሙት። ብዙዎች አፈሩ ላይ ያስቀምጡትና ጊንጡ ከሥሩ ሲቆፍር ድንጋዩ ወርዶ ይጨፈልቀዋል። ከዚያ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር 10 ሴንቲሜትር ያህል ሙሉ፤ በአንድ ጥግ ብቻ ውሃ አጠጡ፣ ሌላው ደረቅ ይሁን። ሁሉንም ካረጠባችሁት ሻጋታ ይገባል። ውሃ በሃይላንድ ክዳን፣ ጠጠር ጣል ተደርጎበት ይቅረብ። የባሕር ዳር የቤት ሙቀት ስለሚበቃው ማሞቂያ አያስፈልግም። ሁለት ጊንጥ አንድ ላይ አይኑር፤ ይበላላሉ።

ምግቡ በ7 ወይም በ10 ቀን አንድ ፌንጣ ነው። ፀረ ተባይ ከሚረጭበት የጫት ወይም የአትክልት ማሳ የተያዘ ፌንጣ ግን መርዙን ይዞ ይገባል። በማግስቱ ያልተበላውን አውጡ። ጊንጥ ቆዳውን በሚለውጥበት ሰሞን ሰውነቱ ለስላሳ ስለሚሆን የተረሳ ፌንጣ ሊነክሰው ይችላል። ያን ሰሞን መብላት ያቆማል፤ አትረብሹት። ሆዱ ተነፍቶ በሰሌዳዎቹ መካከል ነጣ ያለ ቆዳ ከታየ ወይ ጠግቧል ወይ እርጉዝ ናት፤ ምግብ ቀንሱ። ጊንጥ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ወልዳ በጀርባዋ ትሸከማለች።

ከጠርሙስ ወደ ሣጥን ስታዛውሩት ጠርሙሱን ከፍታችሁ ሣጥኑ ውስጥ በጎኑ አስተኙትና የሣጥኑን ክዳን ዝጉ፤ ሌሊት ራሱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ ትንንሽ ቢጫ ጊንጦች ቤታችን ይገባሉ። ሕፃን ስላለን ሌሊቱን በሥጋት ነው የምናሳልፈው። ምን እናድርግ?
እናት፣ ከዘጌ

መልስ፦ ዝናቡ ጉድጓዳቸውን ሲሞላው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይመጣሉ። መድኃኒት መርጨት ብዙ አይረዳም፤ ቀዳዳ መድፈን ይሻላል። በበሩ ሥር ጎማ ይሰካ፤ ማገዶና ድንጋይ ከግድግዳው ይራቅ። አልጋውም ከግድግዳ ይራቅ፤ የአጎበሩ ጫፍ ከፍራሹ ሥር ይገባ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ካገኛችሁ ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩት፤ ጊንጥ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። አዲስ ቆዳ የለወጠው ግን አያበራም።

ሕፃኑን ከነደፈው የጊንጡን ዓይነት ለመለየት አትዘግዩ። በሳሙና እጠቡ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ያዙት። አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩት፣ ጋዝም አታፍስሱበት። ምራቅ ማዝረብረብ፣ ማላብ፣ ማስታወክ፣ የዓይን መንከራተት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከታየ አደጋው ከባድ ነው። ምልክቱ ባይታይም ግን ሕፃን ከተነደፈ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወዲያው ውሰዱት፤ ካስፈለገ ከዚያ ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኩታል።