ብርሃን ለመሰብሰብ ለተነሣችሁ ልጆቼ

በትንሽ ቴሌስኮፕ የሩቁን ሰማይ ፎቶ ማንሣት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ዕድሜዬን በፎቶ ቤት ስሠራ ብኖርም የሌሊቱን ሰማይ ማንሣት የጀመርሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። አብዛኞቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ የትኛውን ቴሌስኮፕ እንደምትገዙ ነው። ያለችውን ገንዘብ በመጀመሪያ ለማውንቱ፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ኮከቦችን እየተከተለ ለሚያዞረው መሣሪያ አውሉት እላለሁ። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር አንድ ኮከብ የሙሉ ጨረቃን ወርድ የሚያህል ለመሄድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። በጽኑ ማውንት ላይ የተቀመጠ፣ የሌንሱ ወርድ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ በሚንቀጠቀጥ ማውንት ላይ ካለ ትልቅ ቴሌስኮፕ እጅግ ይሻላል። ደግሞም ብዙዎቹ የሩቅ ሰማይ አካላት ደብዛዛ ናቸው እንጂ ትንንሽ አይደሉም፤ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ርዝመት ስድስት ሙሉ ጨረቃዎችን ጎን ለጎን ቢደረድሩ የሚያህል ነው።

በአገራችን የሚከብደው ማውንቱን ማስተካከል ነው። የሚዞርበት ዘንግ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማዩ ሁሉ ዙሪያውን ወደሚዞርበት ነጥብ ማነጣጠር ይኖርበታል፤ አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዋልታው አጠገብ ያለው የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ ከፍታው ይህንኑ ያህል ነው። አንዳንድ ማውንቶች እስከዚህ ዝቅ ማለት አይችሉም፤ ከእንጦጦ ሥር ለሚኖር እንደ እኔ ላለ ሰው ደግሞ ተራራው ራሱ ኮከቡን ይጋርደዋል። በመጀመሪያው በጋ ዘንጉን በግምት አቅንቼ ሌሊቶችን ያለ ፍሬ አሳለፍሁ፤ እንደ ጤፍ ቅንጣት ሊሆኑ የሚገባቸው ኮከቦች እንደ ሩዝ ፍሬ ሞልለው ወጡ። መፍትሔው በደቡብ በኩል፣ በሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ አናት ላይ በሚታሰበው የሰማይ መስመር አጠገብ ያለ ኮከብ መርጦ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲንሸራተት እየተከታተሉ ዘንጉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማረም፣ ቀጥሎም በምሥራቅ ዝቅ ብሎ በሚታይ ኮከብ ከፍታውን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባችኋል፤ አትቸኩሉ። ይኸው አቀማመጣችን በሌላ በኩል ይክሰናል፤ ኦሪዮን የተባለው የኮከቦች ስብስብ ከአናታችን አጠገብ ያልፋል፣ ሰሜኑን አንድሮሜዳንና ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን የደቡብ የኮከቦች ክምችት ከአንድ ግቢ እናነሣለን።

ከዚያ በኋላ ያለው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሄንሪ ድሬፐር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1880 እ.ኤ.አ. የኦሪዮንን ኔቡላ፣ ማለትም የጋዝና የአቧራ ደመናውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ሲያነሣ አንዷን ምስል የምትቀርጽ የመስታወት ሳህን ለ51 ደቂቃ ለብርሃን አጋልጦ ነበር። እናንተ የአንድ አንድ ደቂቃ ፎቶዎችን አንሥታችሁ በኮምፒውተር ትደራርባላችሁ፤ ነገር ግን ምስሉን የሚያሻክረውን ብናኝ መሰል ነቁጥ በግማሽ ለመቀነስ የፎቶዎቹን ብዛት አራት እጥፍ ማድረግ ስለሚያስፈልግ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ካላረካችሁ አራት ሰዓት፣ ያም ካልበቃ አሥራ ስድስት ሰዓት ይጠይቃችኋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ያን ሴንቲ፣ ማርሴል ድሬክስለርና ዣቪየር ስትሮትነር የተባሉ አማተሮች በ106 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከ100 ሰዓት በላይ ብርሃን ሰብስበው በአንድሮሜዳ አጠገብ ትላልቆቹ ቴሌስኮፖች ያላስተዋሉትን ግዙፍ የኦክስጅን ቅስት አገኙ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ክዳኑን ገጥማችሁ በተመሳሳይ ሙቀትና የጊዜ ርዝመት ከካሜራው ከራሱ የሚመጣውን ጉድፍ ለመቀነስ የሚረዳውን የጨለማ ፎቶ፣ ወጥ ብርሃን ባለው ገጽ ላይ ደግሞ የአቧራውን ጥላ የሚያስወግደውን ፍላት የተባለ ፎቶ ማንሣት አትርሱ። ጥሬ ፋይሎቻችሁን አትሰርዙ፤ የዘንድሮው ሰዓት በሚመጣው ዓመት ሰዓት ላይ ይደመራልና። አጥብቄ የምለምናችሁ ግን ያልሰበሰባችሁትን ብርሃን ሶፍትዌር እንዲፈጥርላችሁ እንዳትፈቅዱ ነው። ያ ብርሃን ከአንድሮሜዳ እስከ እኛ ለመድረስ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ ተጉዟል፤ በእኛ እጅ ሊበረዝ አይገባውም።

በኅዳር ጨረቃ የሌለችባቸውን ሌሊቶች ምረጡ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድሮሜዳ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ሌላ ነገር ሳታነሡ ሌሊቶቹን ሁሉ ለእርሷ ስጡ። ጋቢ ደርቡ፤ ሌንሱንም ጤዛ እንዳይሸፍነው በየግማሽ ሰዓቱ ተመልከቱት።