«ኮኔክት ዋሌት» የሚለውን ቁልፍ ልሥራ ወይስ ልተወው?

ጥያቄው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጠያቂዬ የ24 ዓመት ወጣት ናት። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ቋሚ ሥራ ስላላገኘች ቀን ቀን ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለው የእናቷ ሱቅ ትቀመጣለች፤ ማታ ማታ ድረ ገጽ ትሠራለች። እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦

«ጋሼ፣ በቴሌግራም ያገኘሁት የውጭ ደንበኛ ሳይቱ ላይ የክሪፕቶ ዋሌት ማገናኛና ክፍያ እንድጨምርለት ጠየቀኝ። 400 ዩኤስዲቲ እከፍላለሁ ብሏል። ክሪፕቶ ሠርቼ አላውቅም፤ ግን ኮዱን ሳየው የሚከብድ አይመስለኝም። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። ልቀበለው? ደግሞስ ይሄ ነገር ሙያ ሆኖ እንጀራ ያበላል?»

የደንበኛውን መልእክትም አያይዛ ልካልኛለች። (ለአዲስ አንባቢ፦ ክሪፕቶ ዋሌት የዲጂታል ገንዘብ መያዣ ፕሮግራም ነው፤ ዩኤስዲቲ ደግሞ አንዱ ከአንድ ዶላር ጋር እንዲስተካከል የተደረገ ዲጂታል ገንዘብ ነው።)

እህቴ፣ ዓርብ ቅርብ ስለሆነ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሳ። አትቀበዪው።

መልእክቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጎብኚው ዋሌቱን እንዳገናኘ ወዲያው የፈቃድ መስኮት ይምጣ ይላል። የፈቃዱ መጠን «ከፍተኛው» ይሁን ይላል። ፈቃዱን የሚያገኘውን አድራሻ በኋላ እልክልሻለሁ ይላል። ገጹ ደግሞ ከአንድ የታወቀ ሳይት ጋር ፍጹም እንዲመሳሰል ይፈልጋል። በመልእክቱ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ፈለግኩ፤ የለም። ዋጋ የለም። የትዕዛዝ ቁጥር የለም። ታዲያ ክፍያው የምንድን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። እንደ ዩኤስዲቲ ያሉ ቶክኖች «አፕሩቭ» የሚባል ትዕዛዝ አላቸው። «ይህ አድራሻ ከእኔ ገንዘብ እስከዚህ ድረስ ራሱ መውሰድ ይችላል» ማለት ነው። ለቅን ሥራ በጣም ይጠቅማል። ከፍተኛውን መጠን ለማይታወቅ አድራሻ መፍቀድ ግን ባዶ ቼክ ላይ ፈርሞ መስጠት ነው። ጎብኚው አንዴ ከፈረመ በኋላ ገጹን ቢዘጋም፣ ኮምፒውተሩን ቢያጠፋም ፈቃዱ እንዳለ ይቆያል። ሌባው በሳምንቱ ተመልሶ ያለውን ጠርጎ መሄድ ይችላል። በዘርፉ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ገጽ «ድሬይነር» ይሉታል። ዋሌት የሚያደርቅ ማለት ነው።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ባጀርዳኦ በሚባል አገልግሎት ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ስማርት ኮንትራክቱን፣ ማለትም ገንዘቡን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም፣ ማንም አልሰበረውም። ሌቦቹ ድረ ገጹ ላይ ኮድ ሰክተው ጎብኚዎቹ ሳያስተውሉ ፈቃድ እንዲፈርሙ አደረጉ። ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ተወሰደ። ያ ኮድና አንቺ እንድትጽፊ የተጠየቅሽው ኮድ ሥራቸው አንድ ነው። ደንበኛሽ ነገ የቴሌግራም አካውንቱን ሰርዞ ይጠፋል። የሚገኘው ስም ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ ያለው ያንቺ ስም ይሆናል።

በዚሁ አንድ ሌላ ወጥመድ ላንሳ፤ ሥራ ፈላጊ ስለሆንሽ ይነካሻል። ከዚህ በፊት የመከርኩት አንድ ልጅ ለክሪፕቶ ድርጅት አመለከተ። ቀጣሪ ነኝ ያለው ሰው «ይህን ፕሮጀክት አውርደህ አስኪድና ስህተቱን አግኝ» ብሎ ፈተና ላከለት። ልጁ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» የሚለውን የመጫኛ ትዕዛዝ ሰጥቶ አስኬደው። ፈተናው ውስጥ የተደበቀው ኮድ ብራውዘሩ ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ለቅሞ ወሰደ። ልጁ ኢሜይሉን መልሶ እጁ ለማስገባት ሳምንታት ፈጀበት። በሐሰተኛ የሥራ ቃለ መጠይቅ ፕሮግራመሮችን የማጥመድ ዘዴ ዓለም አቀፍ ሆኗል፤ የሳይበር ደኅንነት ተመራማሪዎች ከሰሜን ኮሪያ ጋር የሚያያይዟቸው ቡድኖችም በሰፊው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ከማታውቂው ሰው የመጣ ኮድ የግል ፋይልሽ ባለበት ላፕቶፕ ላይ አይሂድ። ዋሌት ሲከፈት የሚሰጡትን 12 ወይም 24 ቃላት ደግሞ ለማንም አትስጪ። ከማንም ተቀብለሽ ቅጽ ላይ የሚያስሞላ ገጽም አትሥሪ። እነዚያን ቃላት የሚጠይቅ ቅን ሳይት የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። አዎ፣ እንጀራ ያበላል። «ኮኔክት ዋሌት» የሚለውን ቁልፍ ብቻ የምትሠሪ ከሆነ ግን ሩቅ አይወስድሽም።

ቁልፉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሜታማስክ የሚባለው ዋሌት ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ገጽሽ «አድራሻህን አሳየኝ» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሰውየው እሺ ይላል፤ አለቀ። ዋግሚና ቪየም የሚባሉት ላይብረሪዎች (ዝግጁ ኮዶች) አብዛኛውን ይሠሩልሻል። ዋሌቱ ስልኩ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በዋሌትኮኔክት ኪውአር ስካን አድርጎ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። አድራሻ ሚስጥር አይደለም። «ይህ አድራሻ የእኔ ነው» ብሎ ማንም የማንንም መላክ ይችላል። ስለዚህ ሰው ሎግኢን እንዲያደርግ ከፈለግሽ ሰርቨርሽ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር አውጥቶ «ይህን ፈርምልኝ» ይበለው፤ ፊርማውንም ራሱ ያረጋግጥ። መስፈርቱ ኢአይፒ 4361 ይባላል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ረጅም አይደለም።

ዋናው ሥራ ክፍያው ላይ ነው። እሱን ደግሞ ከሱቁ ታውቂዋለሽ። አንድ ልጅ መጥቶ ዘይትና ፓስታ ይወስዳል። ስልኩን ያዞርና «ይኸው፣ በቴሌብር ልኬያለሁ» ይላል። እናትሽ የእሱን ስልክ አይተው ዕቃውን አይለቁም። የራሳቸው ስልክ ላይ ከ127 መልእክት እስኪገባ ይጠብቃሉ። ሲገባም መጠኑን ያያሉ፤ ከተጠራጠሩ ሒሳባቸውን ከፍተው ያረጋግጣሉ። ስክሪንሾት ማንም ይሠራላ!

የደንበኛው ብራውዘር «ተከፍሏል» ሲልሽ ያ የልጁ ስልክ ነው። ሰርቨርሽ ራሱ ብሎክቼይኑን፣ ማለትም ግብይቶቹ ሁሉ የሚመዘገቡበትን የጋራ መዝገብ፣ መጠየቅ አለበት። ግብይቱ ተሳክቷል ወይስ ወድቋል? የትኛው ኔትወርክ ላይ ነው? የተላከው እውነተኛው ዩኤስዲቲ ነው ወይስ ስሙን የወሰደ ሌላ ቶክን? ስም ማንም ያወጣል፤ የሚለየው የኮንትራክቱ አድራሻ ነው። ተቀባዩ የነጋዴው አድራሻ ነው? መጠኑ ሞልቷል? ይህ የግብይት ቁጥር ከዚህ በፊት ለሌላ ትዕዛዝ ቀርቦ ያውቃል? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። አንዱን ደረሰኝ ይዞ አሥር ጊዜ የሚመጣ ደንበኛ ሱቅ ብቻ ሳይሆን እዚህም አለ።

ስለ መጠኑ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ኢቴሪየም በሚባለው ኔትወርክ ላይ ያለው ዩኤስዲቲ 6 የአስርዮሽ ቦታ አለው። ስለዚህ 25 ዩኤስዲቲ ኮዱ ውስጥ 25000000 ተብሎ ይጻፋል። ቢኤንቢ ቼይን በሚባለው ሌላ ኔትወርክ ላይ ያለው ዩኤስዲቲ ግን 18 ነው። 6ን በቃልሽ ይዘሽ ሁለቱም ላይ ከተጠቀምሽበት፣ በሁለተኛው ኔትወርክ የመጣ ሰው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በመቶ ሚሊዮኖች ጊዜ ያነሰ ገንዘብ ልኮ የ25 ዶላር ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ኮድሽ ምንም ስህተት አያሳይም። «ተከፍሏል» ይላል። ነጋዴው የሚያውቀው በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲሠራ ነው። ቁጥሩን ሁልጊዜ ከኮንትራክቱ አንብቢ፤ ጃቫስክሪፕት ላይ ደግሞ ቢግኢንት የሚባለውን የትልቅ ቁጥር ዓይነት ተጠቀሚ፤ ተራው ቁጥር ይህን ያህል ርዝመት ሳይዛባ አይሸከምም።

ጊዜውንም አስቢበት። ኢቴሪየም ላይ አዲስ ብሎክ (የግብይቶች ጥቅል) በየ12 ሰከንዱ ይገባል። ክፍያው ፈጽሞ የማይቀለበስ እስኪሆን ግን 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለሦስት ዶላር ዕቃ ጥቂት ብሎክ መጠበቅ ይበቃል፤ ለሦስት ሺህ ዶላር ግን ታገሺ። አንዴ ከሄደ በኋላ ደግሞ መልሱልኝ የሚባልበት መስኮት የለም። ገንዘብ መመለስ ካስፈለገ ነጋዴው ራሱ እንደ አዲስ ይልካል። ይህን ገጹ ላይ በግልጽ የምትጽፊው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መክፈልም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅታችን በኮምፒውተር ቢትኮይን ለሚያመነጩ ማይነሮች ኃይል ይሸጣል ሲባል ሰምተሽ «ታዲያ ተፈቅዷል» እንዳትዪ። ማይኒንግ ሌላ፣ በክሪፕቶ መገበያየት ሌላ። እዚህ ያለ ነጋዴ «ሳይቴ ላይ ዩኤስዲቲ ጨምሪልኝ» ቢልሽ ምንም ያህል ቢከፍልሽ እምቢ በዪው። ለእሱ ቴሌብር አለ፤ ቻፓ አለ። የክሪፕቶ ችሎታሽ የሚያስፈልገው ነገሩ በተፈቀደበት አገር ተመዝግቦ ለሚሠራ ድርጅት ነው። ያም ሆኖ ከመፈረምሽ በፊት ውሉን ለሕግ ባለሙያ አሳዪ።

የአንቺስ ክፍያ? 400 ዩኤስዲቲ ቢገባልሽ ምን እንደምታደርጊው ይገባኛል። በቴሌግራም ገዢ ትፈልጊና በብር ትለውጪዋለሽ። ያ ብር ከየት እንደመጣ አታውቂም። ከተጭበረበረ ሰው ሒሳብ ከመጣ መጀመሪያ የሚታገደው ያንቺ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ምናልባትም የሱቁ ገንዘብ የሚገባበት ሒሳብ። ስለዚህ በባንክ ይላክልኝ በዪ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት እንደ በፊቱ እጥፍ አይደለም። በባንክ የመጣ ገንዘብ ደግሞ ወረቀት አለው። ነገ ብድር ወይም ቪዛ ብትጠይቂ የሥራ ታሪክሽን የሚናገርልሽ እሱ ነው።

ታዲያ ከየት ትጀምሪያለሽ? ከእናትሽ ሱቅ። በመጀመሪያው ወር ለሱቁ ትንሽ ሳይት ሠርተሽ ክፍያውን በቻፓ የሙከራ ሁነታ አገናኚው። እውነተኛ ብር አይነካም። ሰርቨሩ ክፍያውን ራሱ እስኪያረጋግጥ ድረስ «ተከፍሏል» እንዳይል አድርጊ። በሁለተኛው ወር ያንኑ ሱቅ ለማሳያ ብቻ ሴፖሊያ በሚባለው የኢቴሪየም መለማመጃ ኔትወርክ ላይ ድገሚው። እዚያ ያለው ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) በነጻ ይገኛል፤ ዋጋም የለውም። ለዚህ አዲስ ዋሌት በተለየ የብራውዘር ፕሮፋይል ክፈቺ።

በሦስተኛው ወር አበላሺው። ይህችን ወር እንዳትዘያት። በተሳሳተ ኔትወርክ ክፈዪ። አጉድለሽ ላኪ። ዋሌቱ ሲጠይቅሽ «አልፈቅድም» በዪና የእምቢታ ኮዱ 4001 ሲመጣ ገጽሽ ምን እንደሚል እዪ። እየከፈልሽ ሳለ መብራት ይጥፋ፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ይህን ለመሞከር ብዙ አትጠብቂም። ሲመለስ ትዕዛዙ የት ነው ያለው? እያንዳንዱን ሙከራና ያገኘሽውን ጊትሃብ ላይ በአጭሩ ጻፊ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ቆንጆ ገጽ ካላቸው አሥር ልጆች ይልቅ ያንን ጽሑፍ የያዘችውን ነው የምጠራው።

ሲቪሽ ላይ «ክሪፕቶ ዴቨሎፐር» አትበዪ። «የክፍያ ሥርዓቶችን ከድረ ገጽ ጋር አገናኛለሁ» በዪ፤ ሥርም ሁለቱን ፕሮጀክቶች አስቀምጪ። ይህን ችሎታ ባንኮችና የክፍያ ድርጅቶች እዚሁ አዲስ አበባ ይፈልጉታል። የክሪፕቶ ገበያ ሲቀዘቅዝም ሥራ አታጪም። ዘርፉ ለሴት አይሆንም የሚልሽ ካለ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ካርዳኖ ከሚባለው ብሎክቼይን ጀርባ ያለው ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የሃስኬል ፕሮግራሚንግ ሥልጠና ሲሰጥ ተማሪዎቹ ሴቶች እንደነበሩ ንገሪው።

ለደንበኛው ዛሬ ማታ ይህን ጻፊለት፦ «ያልተገደበ ፈቃድ የሚጠይቅ ገጽ አልሠራም። የድርጅትህን ስም፣ የምትሸጠውን ዕቃና ዋጋውን ከላክህልኝ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ትክክለኛውን መጠን ብቻ የሚያስከፍል አሠራር ላሳይህ እችላለሁ። ክፍያዬን በባንክ ነው የምቀበለው።» ዝም ካለሽ ተዪው፤ አታሳድጂው።

የሱቁ ሳይት ሴፖሊያ ላይ ሲቆም ሊንኩን ላኪልኝ። መጀመሪያ የምሞክረው አንዱን የግብይት ቁጥር ሁለት ጊዜ ማስገባት ነው።