የትኛውን ፎቶ ልስቀል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምርቃት ነው ሥራዬ። ከጦርነቱ ወዲህ ግን የልጃቸውን ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው የሚመጡ እናቶች በዙ። «አሳድግልኝ» ይላሉ። «ሱፍ አልብስልኝ፣ ሠርጉን ሳላይ ቀረሁ» ያሉኝም አሉ።

ይህን እያየሁ የእናቶቹን የራሳቸውን ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ለከተማው ሰው ላሳይ ነው ሐሳቤ። የሟች ቁጥር ሲነገር ጆሯችን ለምዶታል። ፊት ግን ያስቆማል ብዬ ነው።

ያስጨነቀኝ የጎረቤቴ የእትዬ ጉዳይ ነው። ልጃቸው በ2014 ዓ.ም. ዘምቶ መርዶው መጣ፤ መቃብሩ የት እንደሆነ ግን አያውቁም። ፎቶ ቤቴ መጥተው ሲቀመጡ ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። ትንሽ አወሩና ተንሰቀሰቁ። ያን አነሳሁት። እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ቆይተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ የልጃቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ ያዙና «በል አሁን አንሳኝ» አሉ።

ሁለቱንም ሳሳያቸው «ይሄኛው ይሁን፣ ያንን ተወው» አሉኝ። ጓደኞቼ ግን የሚነካው የሚያለቅሱበት ነው፣ ሌላው የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል ይላሉ። የእኔም ልብ ወደዚያ ያደላል። ደግሜ ስለምናቸው «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ እንዳልክ» አሉ። ይህ ፈቃድ ነው?

ፎቶ አንሺው፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈቃድ አይደለም። ይሉኝታ ነው። አንተ የጎረቤት ልጅ ነህ፤ እትዬ የሚሏቸው ሴት ፊት ለፊት እምቢ ሊሉህ አይችሉም። የወሎ እናት እንዴት እንደሆነች ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። መልሳቸው የመጀመሪያው ነው፦ «ያንን ተወው»። የመረጡትን ስቀል።

ግን በዚህ ብቻ ብተውህ ቅር እያለህ ነው የምትሰቅለው። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ፎቶ ላውራህ። ከጓደኞችህ ጋር አልስማማም። በመጀመሪያው ፎቶ የምናየው የምታለቅስ ሴት ነው። ለማን እንደምታለቅስ አናይም። በሁለተኛው ልጁም አለ። ቀና ብለው እያዩን «ልጄ ይሄ ነው» ይሉናል። እኛስ ለቅሶ ቤት የምናውቀው ይህንኑ አይደል? እናት የልጇን ፎቶ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ለቀስተኛው ፎቶውን እያየ ያለቅሳል። እትዬ ያደረጉት ከዚያ የመጣ ነው። እንዴት መታየት እንዳለባቸው አሳምረው ያውቃሉ።

በአርጀንቲናም እናቶች እንዲሁ አድርገዋል። ወታደራዊው መንግሥት ልጆቻቸውን ሲሰውርባቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ነጭ ሻሽ አስረው ቦነስ አይረስ መሐል አደባባይ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። የጠፉ ልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው። ዓለም የሚያስታውሳቸው በዚያ ነው።

እንባ የሌለበት ሐዘን ደካማ ነው የሚል ካለ ደግሞ የጀርመኗን ሠዓሊ ኬተ ኮልቪትስን ንገረው። ልጇ ፒተር እ.ኤ.አ. በ1914 ቤልጅየም ውስጥ ተገደለ። እሷም የተንበረከኩ አባትና እናት ሐውልት ሠርታ ልጇ በተቀበረበት የወታደሮች መቃብር አቆመች። መታሰቢያው የተጠናቀቀው በ1932 ነው። የወላጆቹ ፊት የራሷና የባሏ ነው። እናትየዋ አንገቷን ደፍታለች፣ አባትየው ራሱን አቅፎ ይዟል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ያየው ግን አይረሳውም።

አለቃቀስ አይታይ እያልኩህ አይደለም። «እንባዬን ሰው ይይልኝ» የምትል እናት ብትመጣ፣ ያንን ስቀል። የምትመርጠው እሷ ትሁን ነው የምልህ።

ከፎቶው በታች ስለምትጽፈው ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገርህ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አልጄሪያ ውስጥ፣ ቤንታልሃ ላይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። አንድ የዜና ወኪል ፎቶ አንሺ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ የምታለቅስ ሴት አነሳ። ፎቶው የዓመቱ የዓለም ፕሬስ ፎቶ ተብሎ ተሸለመ። «ስምንት ልጆቿን ያጣች እናት» ተብሎም ዓለምን ዞረ። በኋላ ሲጣራ ያጣችው ወንድሟንና ዘመዶቿን ነበር። ሙስሊም ሆና ሳለም የምዕራብ ጋዜጦች «ማዶና» አሏት፤ ማዶና ማለት በእነሱ ዘንድ የድንግል ማርያም ሥዕል ነው። ሴትየዋ ክስ እስከ መመሥረት ደረሰች። ሐዘኗ እውነት ነበር፤ የተጻፈባት ግን የእሷ አልነበረም።

ስለዚህ የምትጽፈውን ከአፋቸው ተቀብለህ ጻፍ፣ መልሰህም ጮክ ብለህ አንብብላቸው። የልጃቸው ስም ይጻፍ አይጻፍ ጠይቃቸው። የሚሰማ ቤተሰብ አጠገባቸው ይኑር። «ጀግና» ወይም «ሰለባ» የሚለውን ቃል ከራስህ አትጨምር።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ግን አትልቀቀው። የሚያለቅሱ እናቶች ፎቶ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም አይተናል። አንዱ ወስዶ የበቀል ጽሑፍ ይለጥፍበታል፣ ሌላው የሌላ ቦታ ፎቶ ነው ብሎ ይሳደብበታል። በትግራይም በአፋርም መቃብር የማታውቅ እናት አለች። የእትዬ እንባ እነሱን መስደቢያ ሲሆን ማየት አልችልም፤ አንተም አትችልም።

የመጀመሪያውን ፎቶ አታጥፋው። አጥበህ በፖስታ ለእትዬ ስጥ፣ የእሳቸው ነው። ከአንተ ዘንድ ያለውንም ሳይጠይቁህ ለማንም እንደማታሳይ ንገራቸው።

አዳራሹን ስትከፍት የመጀመሪያው ቀን ለእናቶቹና ለቤተሰባቸው ብቻ ይሁን። ወንበርና ውሃ አዘጋጅ፣ ማልቀሳቸው አይቀርም። ግድግዳ ላይ ራሷን አይታ «አውርድልኝ» የምትል ካለች፣ ለምን ሳትል እዚያው አውርድላት። ሌላው ሰው በማግስቱ ይግባ።